የመርከብ ስንቅ

የመጀመሪያ ቀን ሥራዬን የጀመርኩት በመጥረግ ሳይሆን በመጠረግ ነው። ሥራ የያዝኩበት ፓሳዴና ያለው ላብራቶሪ በር ላይ ሊንዳ የምትባለው አለቃዬ ጓንት አጥልቃ ጠበቀችኝ። «ጫማሽን አውልቂ፣ እጅሽን ዘርጊ» አለችኝ። ከሳንቲም ትንሽ ከፍ የምትል ክብ ነጭ ወረቀት በአልኮል አርሳ መዳፌን ጠረገች። በሌላ ወረቀት የጣቶቼን መሃል፣ በሌላ የቦርሳዬን እጀታ፣ በሌላ የጫማዬን ሶል። እኔ ደግሞ የመጀመሪያ ቀን ነው ብዬ ሽክ ብዬ ነው የመጣሁት። በሆዴ «ይቺ ሴትዮ ቆሻሻ ነሽ እያለችኝ ነው እንዴ?» አልኩ።

ከዚያ በፊት ዌስትቼስተር ኤርፖርቱ አጠገብ ያለ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳ ነበር። ከሥራ መልስ እየተማርኩ የላብ ቴክኒሽያን ሰርተፊኬት ያዝኩ። ጽዳትን ለእኔ ማን ያስተምረኛል የምል ሰው ነበርኩ።

ሊንዳ ወረቀቶቹን በወረንጦ እያነሳች ትንንሽ ብልቃጥ ውስጥ ጨመረች። ኮክቴል የሚሉትን ፈሳሽ ሞላችባቸውና ማሽን ውስጥ ከተተቻቸው። ጨረር ካለ ፈሳሹ ብልጭ ይላል፤ ማሽኑ ብልጭታውን ይቆጥራል። ኮሪደሩ ላይ አንድ የፕላስቲክ ወንበር ነበር። እዚያ ቁጭ ብዬ ስቆጠር ቆየሁ። በመጨረሻ ሊንዳ ብቅ ብላ «ክሊን ነሽ፣ ግቢ» አለችኝ። ተናድጄ ነው የገባሁት፣ አልዋሽም።

ሥራው ምን እንደሆነ ላስረዳ። የውቅያኖስ ጥናት መርከብ ላይ ሁለት ዓይነት ተመራማሪ ይሳፈራል። አንዱ ካርቦን አሥራ አራት የሚባለውን ጨረር ያለው ካርቦን ይዞ ይመጣል፤ ባሕር ውስጥ ላሉት ጥቃቅን ዕፅዋት ይሰጥና ምን ያህል እንደተመገቡት ይለካል። ሌላው ከጥልቁ ባሕር ውኃ ቀድቶ፣ ውኃው ውስጥ በተፈጥሮ ያለውን ያንኑ ካርቦን ይለካል። ያ ውኃ ከላይ ሆኖ አየር ካገኘ ስንት ዘመን እንደሆነው የሚታወቀው በዚያ ነው። በተፈጥሮ ያለው ደግሞ ኢምንት ነው። የመጀመሪያው ሰው አንዲት ጠብታ ጠረጴዛ ላይ ቢያንጠባጥብ የሁለተኛው ሰው ድካም ገደል ገባ ማለት ነው።

ጠብታዋ አትታይም፣ አትሸትም። በጫማ ትሄዳለች፣ በበር እጀታ ትሄዳለች፣ ከአንዱ መርከብ ወርዳ ሌላው ላይ ትሳፈራለች። እኛ እሷን ስናሳድድ ነው የኖርነው። መርከቡ ባዶ ሳለ አንድ ጊዜ፣ ዕቃ ከጫነ በኋላ ደግሞ ሊሄድ ሲል አንድ ጊዜ እንጠርጋለን። ጠረጴዛ፣ የእጅ መታጠቢያ፣ የፍሪጅ እጀታ፣ የመሳቢያ ጠርዝ፣ የደረጃ መደገፊያ። በቋንቋችን ስዋይፕ ማድረግ ነው የምንለው። ለእያንዳንዱ ቦታ አዲስ ጓንት፣ አዲስ ወረቀት፣ አዲስ ብልቃጥ። በመጨረሻ ራሳችንን እንጠርጋለን።

መርከብ ላይ ካፒቴኑ የመርከቡ አዛዥ ነው፤ ቺፍ ሳይንቲስቱ የጥናቱ። ቴክኒሽያን ከሁለቱም በታች ነው። ራሞን የሚባል ወጥ ቤት ነበር፣ ፊሊፒኖ፣ ሳቂታ ሰው። ጓንቴን አጥልቄ ስገባ ገና «መጣች፣ ሾርባዬን ልትጠርግ መጣች» ይላል። «ሾርባህን የሚጠርግልህ ካገኘህ ዕድለኛ ነህ» እለዋለሁ። ሁለታችንም እንስቃለን፤ ግን የፍሪጁን እጀታ ሳልጠርግ አልፌው አላውቅም።

የአበሻ ሰፈሩ ፌርፋክስ ላይ «አስካለ መርከብ ወልዋይ» የሚል ስም ወጣልኝ። ስሙን ያወጣችው ወርቅነሽ ናት። ወርቅነሽ ጓደኛዬ ናት፤ በስደት አንድ ላይ መጥተን ፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር አንዲት ክፍል ውስጥ ተዳብለን ኖረናል። በኋላ ፌርፋክስ ላይ ምግብ ቤት ከፈተች። ምላሷ አያርፍም፣ እጇም አያርፍም። ልጇን ሰላምን ክርስትና ያነሳኋት እኔ ነኝ።

ሰላም እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት። ልጅ ሆና ምግብ ቤቱ ጥግ የቤት ሥራዋን እየሠራች «አንቲ አስኩ፣ ውኃ እንዴት ያረጃል?» ብላ ታደርቀኝ ነበር። የማውቀውን ያህል እነግራታለሁ። አድጋ ያንኑ ጥያቄ ዩኒቨርሲቲ ወስዳ ዶክትሬት ልትሠራበት ጀመረች። ስትነግረኝ በደስታ የምገባበት ጠፋኝ።

አንድ ቀን ምግብ ቤቱ ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ ሰላም እየሮጠች መጣች። «አንቲ አስኩ፣ ጌስ ዋት? መርከብ ላይ ቦታ አገኘሁ! ዲፕ ዋተር ሳምፕል አደርጋለሁ!» ከጥልቁ ባሕር ውኃ ልትቀዳ ነው ማለት ነው፤ መርከቡ ደግሞ የእኛ ቡድን የሚጠርገው ነበር። እልል ልል አፌን ስከፍት ወርቅነሽ ቀደመችኝ።

«ባሕር ላይ? ወር ሙሉ? ምን ልትበዪ ነው?»

«ማሚ፣ ሼፍ አላቸው እኮ።»

«ደሞ ሼፍ! ሽሮ ያውቃል? ጾም ቢገባስ? ሥጋና አይብ ፊትሽ ደርድሮ ያስፈስክሽ?»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ወርቅነሽ ስንቅ ስታዘጋጅ ከረመች። ደርቆሽ አደረቀች፣ በሶ አስፈጨች፣ ዳቦ ቆሎ ጠበሰች፣ የሽሮና የበርበሬ ፌስታል አሸገች። እንኳን ለአንዲት ልጅ ለመርከበኛው ሁሉ ይበቃል። ባሕሩን ፈርታው ነው። ባሕሩን ምንም ማድረግ ስለማትችል የምትችለውን አደረገች።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጃኬቴን እንደለበስኩ ልሰናበት ሄድኩ። ስንቁ አንድ ትልቅ፣ ግድግዳው ወፍራም፣ ክዳኑ ግጥም የሚል ኩለር፣ የበረዶ መያዣ ሳጥን፣ ውስጥ ተሞልቷል። «አስኩዬ፣ እስቲ በአንድ በኩል ያዢልኝ፣ ወገቤ አልቻለም» አለችኝ። እኔና ሰላም ግራና ቀኝ ይዘን፣ ደረታችን ላይ አስደግፈን፣ በጓሮ በር አውጥተን መኪናዋ ውስጥ ጫንነው። ወርቅነሽ እስከ ማታ ድረስ «ይበቃት ይሆን?» ስትል ነበር።

መርከቡ ሳን ፔድሮ ወደብ ቆሟል። ባዶውን ስንጠርገው ክሊን ነበር። ዕቃው ተጭኖ ካለቀ በኋላ እኔና ሊንዳ ለሁለተኛው ዙር ሄድን። የሰላም ሥራ የሚሠራበትን ላብ፣ ክሊን ላብ የምንለውን፣ ጥግ ለጥግ ጠረግን። ብልቃጦቹን ይዘን ፓሳዴና ተመለስን። ዋን ቴን ፍሪዌይ ከሳን ፔድሮ ፓሳዴና ነው፤ እኛ ጫፍ ለጫፍ ስንመላለስበት ኖረናል።

ማሽኑ ቆጥሮ ሲጨርስ ሦስት ቦታ ሆት ሆነ፤ ጨረር አለበት ማለት ነው። በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ። የፍሪጁ እጀታ። ሦስተኛው የእኔ ጃኬት እጅጌ።

ሊንዳ ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች። «አስካለ፣ ይቺ ጃኬት የት ነበረች?»

«ቤት! ቤተ ክርስቲያን! የት ትሆናለች?» ጮህኩባት። ሊንዳ በጩኸቴ አትደነግጥም፤ ለምዳኛለች። «አንቺን አልወቀስኩም፤ ጃኬቷን ነው የጠየቅኩት» አለችኝ።

ወደ ወደቡ ተመልሰን ለቺፍ ሳይንቲስቱ ነገርነው። ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ ግን መርከብ ቀጠሮ አለው። «ምንጩ እስከ ነገ ካልተገኘና ካልጸዳ የጥልቅ ውኃው ሳምፕል ከፕሮግራሙ ይወጣል። መርከቡ ከነገ ወዲያ ጠዋት ይሄዳል» አለ።

ሰላም ቆማ ትሰማ ነበር። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። «አንቲ አስኩ፣ ሌላ መርከብ የለም» አለችኝ። «ማለቴ፣ እዚያ ቦታ የሚሄድ መቼ እንደሚገኝ ማንም አያውቅም። የዶክትሬት ቴሲሴ እኮ እሱ ነው። ኢትስ ኦቨር።» አንጀቴን በላችው። ላቅፋት እጄን ስዘረጋ ሊንዳ «አትንኪያት!» አለች። እውነቷን ነው፤ ከእኛ ማን ማንን እንደበከለ ገና አልታወቀም። በዚያ ሁሉ ዓመት ሥራዬን የጠላሁት ያኔ ብቻ ነው።

ወደቡ ላይ የመርከብ ገመድ የሚታሰርበት ብረት ላይ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ጃኬቴ የሰላምን ላብ ሳልገባ በፊት ሆት ነበረች ማለት ነው፤ ላቡ ውስጥ እኮ በቱታ ነው የምሠራው። ጃኬቴና ያ ጠረጴዛ ምን አገናኛቸው? እኔ ጨረር ያለበት ላብ አልደረስኩ፣ ሰላምም አልደረሰች። ሁለታችን አንድ ላይ የነካነው ምንድን ነው?

ብድግ አልኩ። «ሰላም! ኩለሩ የት ነው?»

«የምተኛበት ካቢን ውስጥ። አልጋዬ ሥር።»

«በቀጥታ ነው ወደ ካቢን ያስገባሽው?»

«ኖ... መጀመሪያ ላብ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ አሳረፍኩት። ከባድ ነበር እኮ። ከዚያ ፍሪጁን ከፍቼ ይገባ ይሆን ብዬ አየሁ።» ይህን ስትል የራሷን እጅ አፍጥጣ አየች።

ኩለሩን እዚያው ጠረግነው፤ እጀታውን፣ ክዳኑን፣ ውስጡን በየጥጉ። ብልቃጦቹን ይዘን እንደገና ዋን ቴን። ቁጥሩ ሲወጣ ሊንዳ አፏን በእጇ ያዘች። ውስጡ ጥግ ላይ ያለው ማሽኑን አሳበደው ብል ይቀለኛል።

ከዚያ ፌርፋክስ መሄድ ነበረብን። ይሄንን ነገር ለወርቅነሽ ከምነግራት የካፒቴኑን ጢም ብጠርግ በመረጥኩ። ስንገባ ሊንዳን አይታ ደስ አላት። «ቁጭ በይ፣ ብዪ» አለቻት በእንግሊዝኛ።

«ወርቄ፣ ያን ኩለር ከየት አገኘሽው?» አልኳት።

«የአክስቴ ልጅ ነው የሰጠኝ። አንድ የመድኃኒት ድርጅት ተዘግቶ የላብ ዕቃውን ሲሸጥ ገዝቶ ነው፤ አገር ቤት በኮንቴይነር ይልክ የለ? እንዴት ያለ ሸጋ ዕቃ ነው አይደል?»

«ምልክት ምናምን አልነበረበትም?»

«ቢጫ ስቲከር ነበረበት። አስቀያሚ! በቢላዋ ፍቄ ፍቄ አነሳሁታ። ከዚያ በሳሙና፣ ከዚያ በሎሚ ፈተግኩት፤ መስታወት አስመሰልኩት።» በኩራት ነው የምትነግረኝ። ለሊንዳ ተረጎምኩላት። ያ ቢጫ ስቲከር የጨረር ማስጠንቀቂያ ነበር። ሊንዳ ዓይኗን ጨፈነች።

ወርቅነሽ አየቻት። ፊቷ ተለዋወጠ። «ምነው? ቆሻሻ ነው እያላችሁኝ ነው? እኔ ያጠብኩት ዕቃ?»

የነገሩን ልክ ነገርኳት። የጨረሩን፣ የጠረጴዛውን፣ የሰላምን ሳምፕል። ወንበር ስባ ቁጭ አለች። «ልጄን በእጄ መርዝ ሰነቅኩላት?»

«መርዝ አይደለም፣ በእመቤቴ! ካርቦን አሥራ አራት በእኔም በአንቺም ውስጥ አለ፤ ሽሮሽም ውስጥ አለ። ይሄ ትንሽ በዛ ነው። ምግቡ የታሸገ ነው፣ ሰላምም አልበላችውም፤ ለጥንቃቄ ግን ይጣላል። የሚጎዳው እሷን ሳይሆን ሥራዋን ነው።»

«እሱ አይብስም?» አለችኝ።

ያቺ ልጅ ለዚያ ሥራ ብላ እንቅልፍ አጥታ እንዳደገች ሁለታችንም እናውቃለን።

ምግብ ቤቱን መጥረግ ነበረብን። ሊንዳ ተንበርክካ ወለሉን፣ እኔ መደርደሪያውን። ተመጋቢው ሁሉ ማንኪያውን አስቀምጦ ያየናል። ጋሼ በቀለ፣ ከጥግ ጠረጴዛ የማይጠፉት የድሮ ታክሲ ነጂ፣ «አስካለ፣ መርከቡ አለቀና ወደ እኛ ዞርሽ?» አሉኝ። «ጋሼ፣ እግርዎን ያንሱ፣ አለበለዚያ እርስዎንም እጠርግዎታለሁ» አልኳቸው። እግራቸውን አነሱ። ሳቅ ሆነ፤ ወርቅነሽ ግን አልሳቀችም። ማጀት ቆማ እጆቿን ከራሷ አርቃ ይዛ ነበር፣ የሌላ ሰው የሚመስሉ እጆች።

ቆጠርነው። ኩለሩ የተቀመጠበት መደርደሪያና የተወለወለበት ጨርቅ ብቻ ሆት ነበሩ። ጨርቁን ወሰድነው፣ መደርደሪያውን አጸዳነው። መርከቡ ላይ ደግሞ ጠረጴዛውን፣ እጀታውን፣ ካቢኗን ፈትገን ጠረግን፤ ቆጥረን እንደገና ፈተግን፤ ክሊን እስኪል። የሰላም ጫማና ልብስ፣ መኪናዋ ውስጥ ያለው ምንጣፍ ሳይቀር በከረጢት ታሸገ። የእኔም ጃኬት ወደ ቆሻሻ በርሜል ሄደች። በጣም የምወዳት ጃኬት ነበረች፤ እስከ ዛሬ ሳስባት ይቆጨኛል። ቺፍ ሳይንቲስቱ ወረቀቱን አየና «ሳምፕሉ ይቀጥላል» አለ። ሰላም እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ያን ጊዜ አለቀሰች። ከመሄዷ በፊት ግን ሊንዳ አንድ ነገር አስጠነቀቀቻት፤ ያልተጠረገ ሰው እንዳይነካት።

መርከቡ በሚሄድበት ጠዋት ፓሳዴና ስደርስ ወርቅነሽ ላብራቶሪው በር ላይ ቆማለች። ከራስ እስከ እግሯ አዲስ ልብስ ለብሳለች፤ ከሱቅ የወጣ መሆኑ ከእጥፋቱ ያስታውቃል። እጇ ላይ ያልተከፈተ የሱቅ ፌስታል አለ። ውስጡ እሽግ ደርቆሽና እሽግ በሶ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አልኳት።

«የሰው ደርቆሽ ገዛሁ፤ እግዜር ይየው» አለችኝ። በሕይወቷ የሌላ ሰው ደርቆሽ አልገዛችም። «ጥረጊው። እኔንም ጥረጊኝ።»

ሳላዛት ጫማዋን አውልቃ እጆቿን ዘረጋችልኝ።

ወረቀቱን አርሼ መዳፏን ጠረግኩ። የጣቶቿን መሃል ጠረግኩ። በርበሬ የገባበትን ጥፍሯን፣ በድስት የተቃጠለውን አንጓዋን አውቀዋለሁ፤ አንድ ክፍል ስንኖር ያንን እጅ ይዤ ሐኪም ቤት የወሰድኳት እኔ ነኝ። ወረንጦው ሁለቴ አመለጠኝ። ሊንዳ ከኋላዬ ቆማ ብልቃጡን ያዘችልኝ።

ወርቅነሽ ኮሪደሩ ላይ ያለችው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ማሽኑ ሲጨርስ ብቅ አልኩ።

«አለፍኩ?» አለች።

«ክሊን ነሽ፤ ስንቁም» አልኳት። ኮሪደሩን በእልልታ አናጋችው፤ ከየክፍሉ ፈረንጅ ብቅ ብቅ አለ።

ዋን ቴንን ስንወርድ ጓንት አጥልቃ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ ዘርግታ አንድም ነገር ሳትነካ ሄደች። ፀጉሯ ዓይኗ ውስጥ ሲገባ እንኳ «አንሺልኝ» አለችኝ። ወደቡ ስንደርስ በሩን እኔ ከፈትኩላት።

ሰላም ከመርከቡ ደረጃ ወርዳ ራቅ ብላ ቆመች። «ማሚ፣ አይም ሶሪ፤ ስንቅሽን ሁሉ...»

«ዝም በይ!» አለቻት ወርቅነሽ፣ ጓንቷን አውልቃ እየጣለች። «ነይ እቀፊኝ። ንጹሕ ነኝ። አስካለ ጠርጋኛለች።»

ተቃቀፉ። እኔም ሊንዳም ወደ ባሕሩ ዞርን።

ከወር በኋላ ውኃው መጣ፤ ሳምፕሉ አንድም ሳይበላሽ ተለካ። ሰላም ዛሬ ዶክተር ናት፤ ራሷ መርከብ ላይ ስትወጣ መጀመሪያ የምታስጠርገው የራሷን ሻንጣ ነው። ከዚያ ጉዞ በኋላ ሊንዳ የሰው የግል ዕቃም እንዲጠረግ ደንብ አወጣች። እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ወርቅነሽ አሁንም መርከብ ወልዋይ ትለኛለች።

ወደዚህ ሥራ ለምትገቡት የምለው ይሄ ነው። በመጀመሪያ ራሳችሁን ጥረጉ። ቀጥሎ የምትወዱት ሰው የሰጣችሁን ዕቃ ጥረጉ። መርከቡ ሦስተኛ ነው።